አልኮል የሌለው ቢራ፦ ቢራ ነው ወይስ ማስመሰያ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። እኔ በሥራ ቀናት አልጠጣም፤ ቅዳሜ ማታ ግን ከጓደኞቼ ጋር አራት አምስት ቢራ እላለሁ። ባለፈው ሹፌሩ እኔ ስለነበርኩ አልኮል የሌለውን አዘዝኩ። ምሽቱን ሙሉ ሙድ ሲይዙብኝ አመሹ። «የገብስ ለስላሳ» ነው አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ትንሽ ጣፋጭ ሆነብኝ፤ ዋጋውም ቢሆን ከመደበኛው አልቀነሰም። ለመሆኑ ይሄ ነገር መጠጣቱ ይረባል? ወይስ ከነአካቴው ውሃ ብጠጣ ይሻላል?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ጓደኞችህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። መጀመሪያ አሠራሩን ላጫውትህ፤ ጣፋጭ የሆነብህ ለምን እንደሆነ ከዚያ ይገባሃል።

በብዛት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እርሾውን ሥራውን ሳይጨርስ ማስቆም ነው። እርሾ የብቅሉን ስኳር እየበላ ወደ አልኮል ይለውጣል። ገና ሲጀምር በቅዝቃዜ ካስቆሙት አልኮሉ እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል፣ ያልተበላው ስኳር ግን እዚያው ይቀራል። ያ ጥሬ ብቅል ብቅል የሚል ጣዕም የዚህ ውጤት ነው። ሁለተኛው መንገድ እንደማንኛውም ቢራ ጠምቆ ጨርሶ አልኮሉን ማውጣት ነው። አልኮል በተለመደው የአየር ግፊት የሚፈላው 78 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ቢራውን እዚያ ድረስ ቢያሞቁት የተቀቀለ ነገር ስለሚሆን፣ ግፊቱን በጣም ቀንሰው በ40 ዲግሪ አካባቢ አልኮሉን ያተኑታል ወይም እጅግ ደቃቅ በሆነ ማጣሪያ ያሳልፉታል። ይሄኛው ለቢራ የበለጠ ይቀርባል። ችግሩ ከአልኮሉ ጋር መዓዛውም አብሮ መውጣቱ ነው። ዋጋው ለምን አልቀነሰም ላልከው፣ አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፤ ቢራው ተጠምቆ ካለቀ በኋላ ሌላ ሥራና ሌላ ማሽን ይጨመርበታል።

ደግሞ አልኮል ስካር ብቻ አይደለም፣ ጣዕምም ነው። ምላስ ላይ ክብደት ይሰጣል፣ ጉሮሮን ሞቅ ያደርጋል፣ መዓዛውን ይሸከማል። እሱ ሲጎድል ቢራው ውሃ ውሃ ይላል። በተለይ ላገር የሚባለው ቀለል ያለ ቢጫ ቢራ መደበቂያ የለውም። ጠቆር ያለው፣ የተቆላ ብቅል የገባበት ወይም ሆፕስ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ተክል) የበዛበት ግን ምሬቱ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ስለዚህ አንዱን ቀምሰህ አትፍረድ። (በነገራችን ላይ አልኮል ቢራውን ከጀርም ይከላከላል። ጊነስ 0.0 የሚባለው አልኮል የሌለው ቢራ እ.ኤ.አ. በ2020 ብሪታኒያ ውስጥ ወጥቶ በሳምንታት ውስጥ በብክለት ስጋት ከገበያ ተሰብስቦ ነበር፤ የተመለሰው በ2021 ነው። ስለዚህ ከከፈትከው በኋላ ለነገ ብለህ አታስቀምጠው።)

ስለ መንዳቱ እንነጋገር። «አልኮል የሌለው» ማለት ሁልጊዜ ዜሮ ማለት አይደለም። አሜሪካንና ጀርመንን ጨምሮ በብዙ አገሮች እስከ 0.5 በመቶ ድረስ ያለው በዚህ ስም ይሸጣል። ይሄ ምን ያህል ነው? 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 16.5 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ባለ 0.5 በመቶው ውስጥ 1.65 ብቻ። የአንዱን ቢራ ያህል አልኮል ለማግኘት አሥር ጠርሙስ መጨረስ አለብህ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት ሆድህ እጅ ይሰጣል። በጣም የበሰለ ሙዝ ውስጥ እንኳ ትንሽ አልኮል አይጠፋም። ለሹፌር ከዚህ የተሻለ ምርጫ ውሃ ብቻ ነው። በእምነት ወይም በእርግዝና ምክንያት ጨርሶ የማይፈልግ ሰው ግን ጠርሙሱ ላይ 0.0 የሚለውን ይፈልግ፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ሐኪሟን ብትጠይቅ ጥሩ ነው።

ውፍረት ለሚያስፈራውም ልዩነት አለ። በዚያ ባለ 5 በመቶ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አልኮል ብቻውን ወደ 90 ካሎሪ ይሰጣል፣ ከተቀረው ጋር 140 ገደማ ይደርሳል። አልኮል የሌለው ብዙውን ጊዜ የዚህ ግማሽ አካባቢ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ግን በካሎሪው ብቻ እንዳይታለል፤ አንዳንዶቹ ውስጥ የቀረው ስኳር ቀላል ስላልሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብብ።

ይረባል ወይ ላልከው፣ ሞቅታውን ፈልገህ ከሆነ አይረባም። አታገኘውም፣ ተናደህ ትገባለህ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመጀመሪያውን ቢራ የምትጠጣው ለጣዕሙ ነው፣ ሁለተኛውም ይሁን። አራተኛውን ለምንድነው? እኔ ራሴን ስታዘበው አራተኛውን የምጠጣው እጄ ባዶ እንዳይሆን ነው፣ ጣዕሙንም ያን ጊዜ ብዙ አላጣጥመውም። ለእኔ አልኮል የሌለው ቢራ ቦታው እዚያ ነው። በማትነዳበት ቀን ሁለቱን ከመደበኛው ጠጥተህ ከሦስተኛው ጀምረህ ወደዚህ ተሻገር። እሑድ ጠዋት ጭንቅላትህ ያመሰግንሃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏልና፣ የቀነስከው ሁሉ ትርፍ ነው። ስትጠጣው ደግሞ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ቅዝቃዜ ጣፋጭነቱን ይቀንስልሃል። በብርጭቆ ቅዳው። አረፋው ከላይ ቆሞ፣ ጠርሙሱ ካልታየ ማን እንደሚያሾፍብህ እናያለን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ መጠጥ ካቆመ ስምንት ወሩ ነው። ቤቴ ሲመጣ ሌላው ሰው ቢራ ይዞ እሱ ባዶ እጁን ሲቀመጥ አንጀቴን ይበላኛል። አልኮል የሌለውን ልግዛለት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትጠይቂው አትግዢ። ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነው ሽታ፣ ምሬት፣ የጠርሙሱ ክዳን ሲከፈት «ጭስ» የሚለው ድምፅ እንኳ ሱስ ላቆመ ሰው አምሮቱን ሊቀሰቅስበት ይችላል። የሚጠቅማቸውም አሉ፤ ወንድምሽ ከየትኞቹ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ራሱ ነው። ሰው በሌለበት፣ ቀለል አድርገሽ ጠይቂው። እሺ ቢልሽም 0.0 ይሁን። አልኮል ሲነካ ሰውነትን የሚያውክ እንደ ዳይሰልፊራም ያለ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ሐኪሙ ሳያውቅ ምንም አይቅመስ። እስኪወስን ድረስ እሱ የሚወደውን ጭማቂ ፍሪጅ ውስጥ አቆይለት፤ አንቺም ከዚያው ቅጂ።