ሰላም እስኪሆን ክርስትናውን ላዘግየው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ጎንደር አዘዞ ነው። ሴት ልጅ ወልጄ ሰማንያ ቀኗ ካለፈ ሰንብቷል። እስካሁን ክርስትና ያላነሣኋት እናቴ ገጠር ስለሆነች ነው። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። «ሰላም ሲሆን ደግሰን እናደርገዋለን» ብለን ተቀመጥን። ባለቤቴ ደግሞ ማታ ማታ ስልኩ ላይ የሚያየው ስብከት አለ፤ «ስምንተኛው ሺህ ደርሷል፣ ከእንግዲህ ምን ይታቀዳል?» ይለኛል። እኔም ስጸልይ «እስከ መቼ?» ከማለት ሌላ ቃል አጣለሁ። ማጉረምረም ይሆንብኛል? ተስፋ ማድረግስ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ከጸሎትሽ ልጀምር። «እስከ መቼ» ማለት ኃጢአት አይደለም። ዳዊት 12ኛውን መዝሙር የጀመረው «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ» ብሎ ነው፤ አቤቱ፣ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ማለቱ ነው። ዳዊት የሚደግም ሁሉ ይህን ይላል። በራእይ ምዕራፍ 6 ደግሞ የሰማዕታት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው «እስከ መቼ?» እያሉ ይጮኻሉ። በሰማይ ሆነው እንኳ ይጠይቃሉ! አልተገሠጹም። ነጭ ልብስ ተሰጣቸው፣ ጥቂት እንዲያርፉም ተነገራቸው። ማጉረምረም ለእግዚአብሔር ጀርባ ሰጥቶ እሱን ማማት ነው። አንቺ ግን የምታወሪው ከራሱ ጋር ነው። እባክሽ እንዳትተዪው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምር። ሰባተኛው ሺህ በ1500 ዓ.ም. ሞልቷል። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስለዚህ ግንቡም፣ ለጥምቀት የምንወርድበት መጠመቂያውም የተሠሩት በስምንተኛው ሺህ ነው። አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የዘመን መቁጠሪያውን ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ቆጥረው ሲያበቁ ግን ድንጋይ ጠረቡ፣ ኖራ አቦኩ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ (የሱዳኑ የመሐዲ ጦር) ገብቶ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ ንብ ወጥቶ ጠበቀው ይላሉ አባቶች። ከተቃጠሉት ብዙዎቹ ተመልሰው ቆመዋል። ያቆሟቸው ሰዎች «ደርቡሽ ዳግም አይመጣም» የሚል ዋስትና በእጃቸው አልነበረም። ቀኑንና ሰዓቲቱን የሰማይ መላእክትም እንደማያውቁ ጌታ ተናግሯል። በስልክ የሚያሰላው ሰባኪ ከመላእክት አይበልጥም።

ኤርምያስን አስቢው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባለች። እሱ ራሱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሯል። ከተማይቱ እንደምትወድቅም እየተናገረ ነው። በዚህ መሀል የአጎቱ ልጅ መጥቶ «ዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ» አለው። በጠላት እጅ ያለ መሬት ማን ይገዛል? ኤርምያስ ግን እግዚአብሔር ስላዘዘው 17 ሰቅል ብር መዘነ፣ ምስክር አቆመ፣ ውሉን ፈርሞ አተመ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። በዚህች ምድር እንደገና ቤትና እርሻ እንደሚገዛ እግዚአብሔር ተናግሯልና። ክርስቲያን ሲጠብቅ እንዲህ ነው የሚጠብቀው። ከበባው ገና ሳይነሣ የዛሬውን ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ የአንቺ የዛሬ ሥራ ልጅሽን ክርስትና ማስነሣት ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት የልጅነትን ጸጋ እንዲያገኙ ነው፤ ድግስ ግን የጥምቀቱ አካል አይደለም። ቀኑ አለፈ ብለሽ አትሸማቀቂ፤ ብቻ ከዚህ በላይ አትቆዪ። ማልዳችሁ ድረሱ። የክርስትና እናቷ ስለ እሷ ሃይማኖቱን ትመሰክራለች። በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ ላይ «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» እንላለን፤ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን። የመንገዱን መከፈት አጥብቀን እንለምናለን፣ ምህላም እንይዛለን። የተስፋችን መሠረት ግን ትንሣኤው ነው፤ ስለዚህ ኬላ ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም። ልጅሽ ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ በዚያው ዕለት ትቆርባለች። ማዕተቧ አንገቷ ላይ ይታሰርላታል።

እናትሽ ቢከፋቸው እውነት አላቸው። የልጅ ልጅን ክርስትና አለማየት ቀላል አይደለም፤ አንቺም ብታለቅሺ አልፈርድብሽም። ድግሱ ለእሳቸው መምጫ ይቆይ። ካዘጋጃችሁት እህል ግን ጥቂቱን ተፈናቅሎ ሰፈራችሁ ለገባ ቤተሰብ አድርሱ፤ ጌታው በመጣ ጊዜ ብፁዕ የተባለው ታማኝ አገልጋይ ምግብን በጊዜው ሲሰጥ የተገኘው ነው።

በዚህ ሳምንት ከነፍስ አባታችሁ ጋር ቀን ቁረጡ። ስልክ ሲሠራም ለእናትሽ ደውለሽ ስመ ክርስትናዋን ንገሪያቸው፤ እዚያው ሆነው በስሟ ይጸልዩላት።