ሽፍታው የደንጊ ነው ወይስ የመድኃኒት? ከድሬዳዋ ሐኪም ጋር ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ዶክተር፣ አንተ ንገረኝ። ወንድሜ ደንጊ ነው ተባለ። ትኩሳቱ በጀመረው ዕለት ቤት የነበረ አሞክሳሲሊን ውጦ ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ገላው ቀላ። ከምኑ ነው?

መልስ፦ ወደ ደንጊው፣ ትንኝ ወደምታስተላልፈው የቫይረስ ትኩሳት፣ አደላለሁ። ትኩሳቱ ሊለቅ ሲል ገላ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ በመካከሉም ነጣ ያሉ ክቦች ይቀራሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጊ ድሬን ካዳረሰ ወዲህ ይህን መልክ ለምደነዋል። አሞክሳሲሊንም በዚሁ ሰሞን ሽፍታ ያወጣል፤ ቫይረስን ግን አይገድልምና ይቁም። «አለርጂ አለበት» ብላችሁ ለዕድሜ ልክ አትፈርዱበት፤ ሲድን ይመርመር።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ እናቴ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን ከጀመረች ወር ሆናት። አሁን ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት አላት። ታይፎይድ ነው ብለው መርፌ ጀመሩላት።

መልስ፦ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳት። ድሬስ የሚባለው ከባድ የመድኃኒት ቁጣ እንዲህ ነው፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመጣል፣ ንፍፊት ያሳብጣል፣ ጉበትን ይጎዳል። ሰው የሚዘናጋው በዚህ መዘግየት ነው፤ «ወር ሙሉ ተስማምቷት የለም?» ይባላል። ሌላም ወጥመድ አለው። በሕመሙ መካከል በሰውነት ተኝቶ የኖረ የሄርፒስ ወገን ቫይረስ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ቫይረስ ተገኘ ማለት መድኃኒቱ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ካርባማዜፒኑ በሐኪም እጅ ወዲያው ይቁም፤ ምትኩ ግን ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን እንዳይሆን፣ ያንኑ ቁጣ ይቀሰቅሳሉ። ያለ ምትክ መተውም የሚጥለውን ሕመም ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ በደም ምርመራ አይለይም?

መልስ፦ ብቻውን የሚፈርድ ምርመራ የለም። በደንጊ ነጭ የደም ሴልና ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት ይወርዳሉ፤ በድሬስ ኢኦሲኖፊል የሚባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ብዙ ጊዜ ይጨምራል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ከላቦራቶሪው በፊት የምጠይቀው መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን ነው።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ ለትኩሳቱ የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ ብወጋስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ ደንጊ ከሆነ የመድማት አደጋውን ያብሳል። ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ኮትሪሞክሳዞል ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ከንፈሬ ቆሰለ፣ ዓይኔ ቀላ፣ ቆዳዬ ሲነኩት ያማል።

መልስ፦ ክኒኑን አሁኑኑ አቁመህ በዚህችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ። ስቲቨንስ ጆንሰን የሚባለው፣ ቆዳን የሚልጥ ከባድ የመድኃኒት ቁጣ ሊሆን ይችላል፤ ቆዳው እስኪላጥ አይጠበቅም። ቅባት አትቀባ፣ የክኒኑን ማሸጊያ ያዝ፣ የዓይን ሐኪምም እንዲያይህ ጠይቅ።