ታብሌት ካሜራና የተማሪዎች የሳይንስ ፕሮጀክት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ሥራቸውን ፎቶ አንስተው ሪፖርታቸው ላይ ይለጥፋሉ። ይህ ማስረጃን እንደ መተንተን ወይም እንደ መገምገም ይቆጠራል?

መልስ፦ ገና ነው። እንዲህ ያለው ፎቶ «ሠርተናል» ከማለት አያልፍም። እኔ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ሁለት ነገር አስጽፋለሁ፦ ምን የምናይ ይመስለናል? ምን ብናይ ግምታችን ስህተት ነበር እንላለን? ሁለተኛዋ ጥያቄ ታስጨንቃቸዋለች፤ ግን እሷን አትዝለሉ።

ጥያቄ፦ ዓይናችን አይበቃም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይበቃም። ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሳሉ ወይ የሚለው ክርክር እልባት ያገኘው በ1878 እ.ኤ.አ. ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በተከታታይ ባነሳቸው ፎቶዎች ነው። ይነሳሉ።

ጥያቄ፦ ለፊዚክስ አንድ ምሳሌ ቢሰጡን?

መልስ፦ የምትወድቅ ኳስ። ግድግዳ ላይ ማስመሪያ ለጥፉ፤ ኳሷን ከዜሮው ትይዩ ልቀቁና በሰከንድ 30 ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ቅረጹ። ከዚያ ቪዲዮውን እያቆማችሁ በየሦስት ፍሬሙ፣ ማለትም በየ0.1 ሰከንዱ፣ የት እንደደረሰች አንብቡ፦ 5፣ 20፣ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አብዛኞቹ ልጆች እኩል እኩል ርቀት ነው የሚጠብቁት። አንዲት ተማሪዬ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «መሃሉ እየሰፋ ሄደ!» ስትል ማብራሪያ አልሰጠሁም፤ «ስንት እጥፍ?» ብቻ አልኳት። ከዜሮው ያለው ርቀት 1፣ 4፣ 9 እጥፍ እየሆነ መሄዱን ራሷ ደረሰችበት። ሌላ ቡድን ደግሞ በመጀመሪያው ንባብ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ አገኘ። ቪዲዮውን መልሰው ሲያዩት ኳሷ ከእጅ የወጣችበትን ፍሬም ስተው አንድ ፍሬም ዘግይተው መቁጠር ጀምረዋል። ስህተታቸውን ከራሳቸው ማስረጃ ፈልገው አገኙት፤ ከዚያ ቀን የበለጠ ያስደሰተኝ ትምህርት ትዝ አይለኝም።

ጥያቄ፦ ማስመሪያው ከኳሷ ኋላ ራቅ ቢልስ?

መልስ፦ ንባቡ ይዛባል። ሁለቱም ከካሜራው እኩል ይራቁ፤ ታብሌቱንም በእጅ አትያዙት፣ አንድ ነገር ላይ አስደግፉት።

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ዕድገትስ?

መልስ፦ ታይም ላፕስ ተጠቀሙ፤ ካሜራው በየተወሰነ ጊዜ ፎቶ እያነሳ እንደ ቪዲዮ አያይዞ የሚያሳይበት ዘዴ ነው። በየ10 ደቂቃው አንድ ፎቶ ሲነሳ በቀን 144 ይሆናል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲታይ 6 ሰከንድ ነው። አንዱን የባቄላ ችግኝ ከላይ፣ ሌላውን ከጎን ብቻ ብርሃን ስጡትና የቱ ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድመው ይገምቱ።

ጥያቄ፦ የቀለም ለውጥን በፎቶ ማወዳደር ይቻላል?

መልስ፦ በጥንቃቄ። ካሜራው ብርሃኑንና ቀለሙን በራሱ ስለሚያስተካክል አንዱ ፈሳሽ በሁለት ፎቶ ሁለት መልክ ሊይዝ ይችላል። ናሙናዎቹን ጎን ለጎን፣ ከነጭ ወረቀት ጋር፣ በአንድ ፎቶ አንሱ። መጀመሪያ ግን ለየብቻ አንስተው ይሞክሩት፤ መሣሪያን መጠራጠር የሚለመደው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ማርኩን እንዴት ይሰጣሉ?

መልስ፦ ለፎቶ ውበት ማርክ የለኝም። ካነሱት ሁሉ ሦስት ፍሬም መርጠው፣ እነዚህን ለምን እንደያዙና ሌሎቹን ለምን እንደተዉ እንዲከራከሩልኝ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ለክፍሉ ያለን አንድ ታብሌት ብቻ ነው።

መልስ፦ ይበቃል። የሚቀርጸው አንድ ልጅ ይሁን፤ ግምቱን ግን እያንዳንዱ በደብተሩ ይጻፍ።