ያየ ሰው ዝም ቢል በደሉ ይደርሰዋልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። አምና በግንቦት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ልጆች ፊት ለፊታችን የሚሠራውን ሕንፃ ዘበኛ በብረት ሲመቱና ሞተር ብስክሌት እየገፉ ሲወጡ ከማድቤቴ መስኮት አየሁ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዐረፉ። ከልጆቹ አንዱን ዐውቀዋለሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር ቡና እንጠራራለን፣ ዕድራችንም አንድ ነው። ፖሊስ ቤት ለቤት ሲጠይቅ «ተኝቼ ነበር» አልኩ። አሁን ሌላ ልጅ ተጠርጥሮ ታስሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። እኔ አልመታሁ፣ አልሰረቅሁ። ታዲያ በደሉ ይደርሰኛል? ለሐምሌ ገብርኤል መቍረብ አስቤ ነበር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ የሰውየው ደም በእርስዎ እጅ አልፈሰሰም። ይህን ማንም ሊጭንብዎ አይገባም፤ እርስዎም በራስዎ ላይ አይጫኑት። ነገር ግን በእጅዎ የሌላ ሰው ንብረት አለ። በዚያ መስኮት ያዩት ነገር የእርስዎ አይደለም፤ የሟቹ ቤተሰብ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የታሰረው ልጅ ነው። ምስክርነት አደራ ነው። ባለቤቱ ሲፈልገው የከለከለ ሰው ባይሰርቅም የሰው ገንዘብ ይዟል።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 5 ቁጥር 1 ላይ ያለው ሕግ ጥያቄዎን በቀጥታ ይመልሰዋል። ነገሩን ያየ ወይም ያወቀ ሰው ይናገር ተብሎ በመሐላ ሲጠየቅ ሰምቶ ዝም ቢል ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። ኃጢአቱን የሚለውን ቃል ልብ ይበሉት። የገዳዩን አላለም፤ የራሱን ነው ያለው። ዝምታ ገዳይ አያደርግም፤ ነገር ግን ራሱን የቻለ በደል ነው፣ የራሱም ንስሐ አለው። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወረድ ብሎ፣ እንዲህ ያደረገ ሰው መሥዋዕቱን ከማቅረቡ በፊት የሠራውን እንዲናዘዝ ታዝዟል። መሥዋዕቱም እንደ ዐቅም ነው፦ ከበጎች ወይም ከፍየሎች አንዲት እንስት፣ ያ ካልተቻለ ሁለት ዋኖሶች ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች፣ ያም ካልተቻለ የኢፍ መስፈሪያ ዐሥረኛ እጅ ዱቄት። ዐቅም የለኝም ብሎ ከዚህ ንስሐ የሚቀር እንዳይኖር ነው።

ዘዳግም 21ን ደግሞ ያንብቡት። ሜዳ ላይ ተገድሎ የተገኘ፣ ገዳዩም ያልታወቀ ሰው ቢኖር፣ ሽማግሌዎቹ ሬሳው ከወደቀበት እስከ ዙሪያው ከተሞች ያለውን ርቀት ይለካሉ። ቅርብ ሆና የተገኘችው ከተማ ሽማግሌዎች ቀንበር ያልተጫነባትን ጊደር ውኃ ወደሚወርድበት ሸለቆ ወስደው እጃቸውን በላይዋ ይታጠባሉ፤ እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰችም፣ ዓይናችንም አላየችም ይላሉ። ሁለት ነገር ነው የሚሉት። አላፈሰስንም ማለት ብቻውን አልበቃም፤ አላየንምም ማለት ነበረባቸው። እርስዎ የመጀመሪያውን በንጹሕ ልብ መናገር ይችላሉ፤ ሁለተኛውን ግን አይችሉም። ነፍስዎ የቆመችው እንግዲህ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ተደግፋ ነው፤ ለዚህም ነው ዓመት ሙሉ ዕረፍት ያጣችው።

ይህ ለአገራችን ሰውም እንግዳ ነገር አይደለም። ድሮ በአውጫጭኝ አገሬው ይሰበሰባል፣ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይጠየቃል፤ አድራጊው ካልታወቀ ዕዳውን የሚከፍለው አካባቢው በጋራ ነው። እርስዎ በሚኖሩበት በሲዳማ ምድርም ሽማግሌዎች ነገር ሲያነሡ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። የሰማ ሰው የነገሩ ባለዕዳ ነው፤ ሐላሌን፣ እውነትን ማለት ነው፣ ደብቆ ከሽማግሌ ፊት መነሣት ደግሞ የሚፈራ ነገር ነው።

በደሉ ግን በሁሉ ላይ እኩል አይደለም። እስጢፋኖስ ሲወገር ወጋሪዎቹ ክንዳቸው እንዲፈታ መደረቢያቸውን አውልቀው በአንድ ጎልማሳ እግር አጠገብ አኖሩ። ጎልማሳው ሳውል ነው። አንድ ድንጋይ እንኳ እንደወረወረ አልተጻፈም። ሆኖም ከብዙ ዓመት በኋላ ጳውሎስ ሆኖ ሲናገር፣ በአጠገቡ ቆሜ ተስማምቼ የገዳዮቹን ልብስ እጠብቅ ነበር ብሎ ራሱን ከሰሰ እንጂ አልወረወርኩም ብሎ አልተከላከለም (ሐዋ. 22፥20)። እርስዎ ሳውልን አይደሉም፤ አልተስማሙም። ይልቅ ከዮሴፍ ወንድሞች ጋር የሚያመሳስልዎ ነገር አለ። እነርሱ ከ20 ዓመት በላይ ቆይተው ግብፅ ውስጥ ሲጨነቁ መጀመሪያ ያስታወሱት የሸጡበትን ብር ሳይሆን ሲለምናቸው አይተው አለመስማታቸውን ነው (ዘፍ. 42፥21)። ዝም ለማለት ገንዘብ የተቀበለ፣ ወይም ከተሰረቀው የተካፈለ ሰው ግን ከምስክርነት ወጥቶ ተባባሪ ሆኗል፤ የእርሱ ንስሐ የተቀበለውን መመለስንም ይጨምራል።

ብዙ ምእመናን «ጌታችንስ በጲላጦስና በሊቀ ካህናቱ ፊት ዝም ብሎ የለም ወይ?» ይላሉ። ይህን ማስተካከል ያስፈልጋል፣ ብዙ ጥፋት ይሸፈንበታልና። ጌታ ዝም ያለው በራሱ ላይ ስለቀረበው የሐሰት ክስ ነው። ሊቀ ካህናቱ በሕያው እግዚአብሔር አምሎ በጠየቀው ጊዜ ግን መለሰ (ማቴ. 26፥63-64)። ቀደም ብሎ የጠቀስነው የዘሌዋውያን ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ በመሐላ የተጠየቀ ይናገር። የራስን በደል በዝምታ ማለፍ ትዕግሥት ሊባል ይችላል፤ በሌላው ላይ የደረሰውን ዝም ማለት ግን ትዕግሥት አይባልም፣ መከራውን የሚቀበለው ዝም ያለው ሰው አይደለምና።

አሁን ስለ ሁለቱ ከባድ ነገሮች። አንደኛ፣ «ተኝቼ ነበር» ያሉት ዝምታ አይደለም፤ ሐሰት ነው። ሲናዘዙ ዝም አልኩ ብለው በዚያ ስር አይደብቁት፤ ለየብቻ ይናገሩት። ሁለተኛ፣ የታሰረው ልጅ። አንድ ዓመት ሙሉ ያለፈው ዝምታዎ ፍርድን አዘገየ፤ ከዛሬ ወዲያ ያለው ግን ያላጠፋን ሰው ሊያስቀጣ ነው። ስለዚህ ለሐምሌ 19 አይቅጠሩት። ሁለት ሽማግሌዎች በሐሰት የከሰሷት ሶስና ወደ ሞት ስትወሰድ ዳንኤል መንገድ ላይ ነው የጮኸው፤ ከዚህች ሴት ደም ንጹሕ ነኝ ብሎ ጉባኤውን መለሰው። ከዚያም ሁለቱን ሐሰተኞች ለያይቶ በምን ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ የተለያየ ዛፍ ጠሩ። እርሷን ያዳናት በጊዜ የተነገረ ቃልና የጠራ ዝርዝር ነው። ከእርስዎም የሚፈለገው ይኸው ነው።

ፍርሃትዎን አልንቅም። ሳሙኤል ነቢይ ሳለ ዳዊትን ለመቀባት ሂድ ሲባል ሳኦል ቢሰማ ይገድለኛል አለ (1ኛ ሳሙ. 16፥2)። እግዚአብሔር ስለ ፍርሃቱ አልገሠጸውም፤ የሚሄድበትን መንገድ አሳየው፣ ከመሄድ ግን አላስቀረውም። በእኛም አገር መንገድ አለ። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል፤ በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል፣ ያለ ምስክሩ ቃል ነገሩ ሊረጋገጥ ካልቻለና ከባድ አደጋ ካለ ጥበቃ መጠየቅ ይቻላል። ጥበቃው ራሱ አይመጣም፤ ቃል ከመስጠትዎ በፊት ለዐቃቤ ሕግ ማመልከት አለብዎ።

ሕጉ ስለ ዝምታ ምን ይላል ለሚለው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 443 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣን ወንጀል ወይም አድራጊውን እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላስታወቀን ሰው እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ወይም እስከ 1,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። ተራ የሰው ግድያ (አንቀጽ 540) ከ5 እስከ 20 ዓመት ስለሆነ በዚህ አይጠቃለልም፤ ለዘረፋ ሲባል የተፈጸመ ከባድ ግድያ ግን ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ስላለበት ይጠቃለላል። እርስዎ ያዩት ወደዚህኛው የሚያደላ ይመስላል፤ ስለዚህ ቃል ሳይሰጡ አንድ ጠበቃ ያማክሩ። በሌላ በኩል አንቀጽ 575 በራሱ ላይ አደጋ ሳይደርስበት ሊረዳ ሲችል በሞት አደጋ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሄደን ይቀጣል። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ጎረቤት ጠርተው ወይም ስልክ ደውለው ነበር? ጥያቄዎ ላይ አልጻፉትም። ካልሆነ ይህም ከኑዛዜው ይግባ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ንስሐ አባትዎ ዘንድ ይሂዱ። ኑዛዜ የእርስዎን ኃጢአት መናገር ነው፤ የልጁን ስም መጥራት አያስፈልግም። ካህኑ የሰማውን ለማንም፣ ለፖሊስም ቢሆን፣ አይናገርም፤ በእርስዎ ምትክ ሄዶ ሊጠቁምም አይችልም። ስለዚህ ለአባቴ ነግሬያለሁ ብለው ነገሩ ያለቀ አይምሰልዎ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ይናዘዛል፣ 40 ስግደትና የተወሰነ ጾም ይቀበላል፣ ይጨርሳል፣ ሸክሙ ግን አይወርድለትም። ዘኬዎስ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ እጾማለሁ አላለም። የተያዘ ነገር ሳይመለስ ቀኖና አይፈጸምም፤ እርስዎ የያዙት ደግሞ ቃል ነው። አባትዎ ምስክርነቱን ራሱን የቀኖናው አካል ቢያደርጉት አይደነቁ። ስግደት ከታዘዙ በሰንበት፣ በዐበይት በዓላትና በቆረቡበት ቀን አይሰገድም፤ አሁን በጾመ ሐዋርያት ላይ ስለሆንን ግን በቂ ቀን አለ።

ከዚያ ብቻዎን ተቀምጠው ያዩትን በወረቀት ይጻፉ። ለማንም ሳያነቡ፣ ከማንም ሳያመሳክሩ። ስንት ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን በምን ዐወቁ? መብራቱ ከየት ነበር፣ ከመንገድ ነው ከሕንፃው? ከመስኮቱ እስከ ዘበኛው ስንት እርምጃ ይሆናል? የልጁን ፊቱን ነው ያዩት ወይስ ድምፁንና አረማመዱን ነው የለዩት? ሁለተኛውን ልጅ ካላወቁት አላወቅሁትም ብለው ይጻፉ። «አየሁ»፣ «ሰማሁ» እና «መሰለኝ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ መሰለኝን አየሁ ያደረገ ሰው ከዝምታ ሸሽቶ በሐሰት ምስክርነት ይወድቃል። ዓመት ያለፈው ነገር ደብዝዞ ከሆነ ደብዝዟል ማለት ነውር አይደለም።

ቃል ሲሰጡ ከሁሉ በፊት በመጀመሪያው ጊዜ ፈርቼ ዋሽቼ ነበር ይበሉ። ይህን እርስዎ ካልተናገሩት በመስቀለኛ ጥያቄ ይወጣል፤ ያኔ እውነቱም አብሮ ይጠረጠራል። የጻፉልዎትን ሳያነቡ ወይም ሳይነበብልዎ አይፈርሙ፤ ያላሉት ቃል ካለ እንዲታረም ይጠይቁ። የታሰረው ልጅ ተከላካይ ጠበቃ ካለው እርሱም እንዲያውቅ ማድረግ ይችላሉ።

ሦስት ነገር አያድርጉ። ለሟቹ ቤተሰብ አስቀድመው አይንገሩ፤ ሐዘን ያልበረደለት ሰው ስም ሲሰማ ደም ለመመለስ ሊነሣ ይችላል፣ ያኔ ሁለተኛ ሬሳ ይመጣል። ቡና ላይ ወይም ዕድር ላይ አይንገሩ፤ ለሚመለከተው ሳይነገር ለማይመለከተው የተነገረ እውነት ሐሜት ነው። ሽማግሌ ልከው በገንዘብ እንዲያልቅም አያስቡ። ዕርቅ መልካም ነው፣ ለልብም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን በግል አቤቱታ ብቻ ከሚታዩት በቀር የወንጀል ክስ በሽምግልና አይቆምም። በተለይ ሕፃናት ሲደፈሩ «ስማችን እንዳይጠፋ» እየተባለ በሽማግሌ የሚሸፈነው ነገር፣ ሸፋኞቹን ሁሉ የዝምታ በደል ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ይህን በግልጽ መናገር የእኛም የመምህራን ዕዳ ነው።

ቁርባንን በሚመለከት ይቅረቡ ወይም ይቆዩ ብዬ ከዚህ ልወስን አልችልም፤ ሥልጣኑ የንስሐ አባትዎ ነው። ቃልዎን ሰጥተው፣ ቀኖናዎን ተቀብለው ከሆነ ለሐምሌ 19 ሊፈቅዱልዎ ይችላሉ፤ ያኔ 18 ሰዓት ጾመው ይቀርባሉ። ቆዪ ካሉም ቅጣት አይምሰልዎ። ቅዳሴውን ግን አይተዉ።

የልጁን እናት ማየት እንደሚከብድዎ ይገባኛል። ከቃልዎ በፊት ምንም አይንገሯት፤ ልጁ ቢሸሽ ወይም ቢዝት እርሷንም በደል ውስጥ ያስገቧታል። ጥበቃ ተሰጥቶዎ ከሆነ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉን ሳይጠይቁ ከቃልዎ በኋላም አይናገሩ። ነገሩ በፍርድ ቤት በይፋ የወጣ ቀን ግን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማ፣ ንስሐ አባትዎን ይዘው ቤቷ ይሂዱ። ትቆጣለች፣ ምናልባትም በሩን ትዘጋለች። የታሰረውም የሌላ እናት ልጅ ስለነበረ ነው የተናገርኩት ይበሏት፤ ከዚያ በላይ አይከራከሩ።