አሰልጣኙ ሲሰናበት ስኮላርሺፑስ?

በዚህ ወር ስለ አሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በአንድ የዲቪዥን 1 (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ) ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪና ተጫዋች ነው። ዋናው አሰልጣኝ ባለፈው ሳምንት ተሰናበተ። ጓደኞቹ ትራንስፈር ፖርታል (ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት ዝርዝር) ውስጥ እየገቡ ነው፤ እሱም «ዛሬውኑ ካልገባሁ ቦታ አላገኝም» ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ስኮላርሺፑ ከአሰልጣኙ ጋር አብሮ ይሄዳል? (እናት፣ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ እህታችን፣ አይሄድም። ልጅዎ የፈረመው ከዩኒቨርሲቲው ጋር እንጂ ከአሰልጣኙ ጋር አይደለም። አዲሱ አሰልጣኝ መጥቶ «ለእኔ አጨዋወት አትሆንም» ቢለው እንኳ፣ በችሎታው ምክንያት ብቻ በስኮላርሺፕ ዘመኑ መሃል ሊሰረዝበት አይችልም። ዋናው ነገር ያ ዘመን መቼ ያበቃል የሚለው ነው። የስኮላርሺፕ ስምምነቱን ያውጡና የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን ይመልከቱ። እስከ ምረቃ ከሆነ ተረጋጉ። የአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ግን ዩኒቨርሲቲው ለቀጣዩ ዓመት ማደሱን ወይም አለማደሱን እስከ ጁላይ 1 በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካላደሰም ልጅዎ ይግባኝ የማለት መብት አለው፤ ይግባኙን የሚሰማው ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ያለ አካል ነው።

ስኮላርሺፑን ሊያሳጣው የሚችለው ይልቁንም የራሱ ጥድፊያ ነው። ፖርታል የሚገባው ለኮምፕላያንስ ቢሮ (ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ደንብ ተቆጣጣሪ) በጽሑፍ ሲጠይቅ ነው፤ ቢሮው በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን ያስገባል። ስሙ ከገባ በኋላ ሌሎች አሰልጣኞች ሊያነጋግሩት ይችላሉ፤ የአሁኑ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስኮላርሺፑን መሰረዝ ይችላል። ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ስሙን ቢያስወጣም፣ መልሶ መቀበል አለመቀበል የትምህርት ቤቱ ፈቃድ ነው። በየዓመቱ ፖርታል ገብተው ማንም ሳይደውልላቸው የነበራቸውንም አጥተው የሚቀሩ ልጆች አሉ። ይህን በግልጽ ይንገሩት።

ፖርታል የሚገባበት የጊዜ ገደብ፣ «መስኮት» የሚባለው፣ በቅርብ ዓመታት ተደጋግሞ ተቀይሯል። ቀድሞ አሰልጣኝ ሲለቅ 30 ቀን ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ከጓደኛ አትስሙ፤ ልጅዎ ለኮምፕላያንስ ቢሮ «ለእኔ መስኮቱ የሚከፈተውና የሚዘጋው በየትኛው ቀን ነው?» ብሎ በኢሜይል ይጠይቅ፣ መልሱንም ያስቀምጥ። መስኮቱ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ አዲሱን አሰልጣኝ ፊት ለፊት ለማነጋገር ይጠቅማል። እሱ በሚጫወትበት ቦታ ስንት ልጅ ለማምጣት እንዳሰቡ ይጠይቃቸው። «ሁላችሁም እኩል ትወዳደራላችሁ» ብቻ ካሉት መልስ አልሰጡትም።

ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ክሬዲቱን ነው። በኤን.ሲ.ኤ.ኤ. (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር) ደንብ ተጫዋቹ ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር ከሚመረቅበት ዲግሪ 40 በመቶውን፣ አራተኛ ሲጀምር 60፣ አምስተኛ ሲጀምር 80 በመቶውን መጨረስ አለበት። ዲግሪው 120 ክሬዲት ከሆነ 40 በመቶው 48 ነው። ልጅዎ 54 ክሬዲት ይዞ ቢሄድና አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪው 42ቱን ብቻ ቢቆጥርለት 6 ጎደለው ማለት ነው፤ በክረምት ትምህርት ካልሸፈነው ሊጫወት አይችልም። ያ ክረምት በማን ገንዘብ ይሆናል? ስለዚህ «እሺ» ከማለቱ በፊት የትኞቹ ኮርሶች ለየትኛው ዲግሪ እንደሚያዙ ከአዲሱ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) በጽሑፍ ይቀበል። የአሰልጣኝ ቃል እዚህ ላይ አይበቃም።

ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ስለተፈቀደላቸው፣ ከስኮላርሺፑ ሌላ የክፍያ ውል ፈርሞ ሊሆን ይችላል። «ተጫዋቹ ከለቀቀ» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ፤ አንዳንዱ ውል የተከፈለውን በከፊል ያስመልሳል። የተሰናበተው አሰልጣኝ በቃል ብቻ የገባው ተስፋ ካለ ግን እንደሌለ ቁጠሩት።

የጓደኞቹ መውጣት እንዳያስደነግጣችሁ። አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ በኤፕሪል 2024 ከ15 የውድድር ዓመት በኋላ ኬንታኪን ለቀው ወደ አርካንሳ ሲሄዱ፣ ለተተኪው ማርክ ፖፕ ከቀድሞው ቡድን አንድም የስኮላርሺፕ ተጫዋች አልቀረላቸውም። ያም ሆኖ ካሊፓሪን ተከትለው አርካንሳ የገቡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሌሎቹ ወይ ወደ ፕሮፌሽናል አለፉ፣ ወይ ሌላ ቤት ፈለጉ። «አሰልጣኙ ይዞኝ ይሄዳል» የሚል ልጅ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው «በስምምነት ተለያየን» ሲል ተባረረ ማለት ነው? ያን ሁሉ ሚሊዮንስ ማን ይከፍላል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ማሰናበት ነው፤ «ስምምነት» የሚባለው የገንዘቡ ድርድር ነው። አሰልጣኝ ክሪስ ማክ በጃንዋሪ 2022 ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ሲለያዩ ውላቸው ገና ከ3 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ሙሉውን ከመጠበቅ ይልቅ በ4.8 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ።

ቁልፉ «በበቂ ምክንያት» እና «ያለ ምክንያት» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ነው። በመሸነፍ ብዛት የተሰናበተ አሰልጣኝ ያለ ምክንያት እንደተሰናበተ ስለሚቆጠር የውል ማፍረሻው (ለቀረው የውል ዘመን የሚሰጠው ካሳ) ይከፈለዋል። ኢንዲያና በማርች 2021 አርቺ ሚለርን ሲያሰናብት ክፍያው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ የተሸፈነውም ከግል ለጋሾች ነው። በበቂ ምክንያት የተባረረ ግን ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ በር ለማለፍ የሚሞክሩትም ለዚህ ነው። ዩኮን (የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) በ2018 አሰልጣኙን ኬቨን ኦሊን የኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ደንብ ጥሰዋል ብሎ አባረራቸው፤ በ2014 ሻምፒዮና ያመጡለት ሰው ናቸው። ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ፤ በጃንዋሪ 2022 ዳኛው ስንብቱ አግባብ አልነበረም ብለው ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈላቸው ወሰኑ። አራት ዓመት የፈጀ ክርክር ነበር። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ለመቆጠብ የሚደረግ ሙከራ በእኛ እምነት ዩኒቨርሲቲውን ከገንዘቡ በላይ ያስከፍለዋል፤ ቀጥሎ የሚቀጠረው አሰልጣኝም ጠበቃውን ይዞ ይመጣል።

የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ውሉን በመረጃ ጥያቄ ማግኘት ይቻላል። ስታነቡ የማፍረሻው መጠን የሚወርድበትን ቀን ፈልጉ። ክፍያው በአንድ ቀን ልዩነት በሚሊዮን የሚቀንስ ከሆነ፣ አትሌቲክ ዳይሬክተሩ (የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ) ለምን ዝም እንዳሉ ይገባችኋል። አሰልጣኙ አዲስ ሥራ ሲያገኝ የሚያገኘው ደሞዝ ከካሳው ይቀነስ እንደሆነም እዩ። አሰልጣኙ በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ ደግሞ ከፋዩ እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚወስደው ትምህርት ቤት ይሸፍንለታል።

ጥያቄ፦ የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ማሰናበት ምን ጥቅም አለው? (ከዴንቨር)

መልስ፦ ፍለጋውን ቀድሞ ለመጀመር ነው፤ የፖርታሉ ጊዜ አጭር ስለሆነ በማርች መጨረሻ አሰልጣኝ የሌለው ትምህርት ቤት ተጫዋች አያገኝም። ኦሃዮ ስቴት በፌብሩዋሪ 14፣ 2024 ክሪስ ሆልትማንን አሰናብቶ ረዳቱን ጄክ ዲብለርን ጊዜያዊ አደረገ። ከአራት ቀን በኋላ በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ፐርዱን 73 ለ69 አሸነፉ፤ ዲብለርም በማርች ቋሚ ሆኑ። ጊዜያዊ ሁሉ እንዲህ አይቀናውም። ረዳቶቹ ግን ውላቸው አጭር ስለሆነ ከዋናው በላይ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ነው የምጫወተው። ትምህርት ቤት ብቀይር ቪዛዬ ይበላሻል? (ተማሪ፣ ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ከጠበቅህ አይበላሽም፣ ወንድማችን። መጀመሪያ ከአዲሱ ትምህርት ቤት የቅበላ ደብዳቤ ያዝ። ቀጥሎ የአሁኑን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የሴቪስ (የመንግሥት የውጭ ተማሪዎች መከታተያ ሥርዓት) መዝገብህ የሚተላለፍበትን ቀን እንዲያስገቡ ጠይቅ፤ ያ ቀን ካለፈ መዝገብህ በአዲሱ ትምህርት ቤት እጅ ስለሚሆን የድሮው ሊመልሰው አይችልም። ከዚያ አዲሱ ትምህርት ቤት አዲስ አይ-20 (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገው የትምህርት ቤቱ ቅጽ) ያወጣልሃል። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ትምህርት መካከል ያለው ክፍተት ከ5 ወር መብለጥ የለበትም። ክፍያ ያለበት ማናቸውንም የማስታወቂያ ሥራ ደግሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያየው አትፈርም፤ ያልተፈቀደ ሥራ ተብሎ ሊያዝብህ ይችላል፤ የአሰልጣኙ ፈቃድም አያድንህም።