መልስ፦ በቶርኖ የሠራሁት የግራይንደር መያዣ ለምን ይወላገዳል?

ወንድሜ፣ ለግራይንደርህ የመወልወያ ጎማ መያዣ ቤትህ ባለችው ቶርኖ (ብረት እያዞረች የምትልጥ ማሽን) ሠርተህ ሲዞር እንደሚወላገድ ጽፈሃል። አንዱን ጎን ከጨረስክ በኋላ ገልብጠህ ቻኩ (የቶርኖው መንከሻ) ላይ እንዳሰርከው ጠርጥሬያለሁ፤ እንዲህ ሲታሰር መሀሉን ይስታል። የእኔም የመጀመሪያው በዚሁ ነው የተበላሸው።

አሁን እንዲህ ሞክር። መጀመሪያ ፊቱን ላጠው። ሳትፈታው በ12 ሚሊ ፑንታ (መብሻ) ብሳውና ኤም 14 (ውፍረቱ 14 ሚሊ)፣ ከጥርስ ጥርስ ርቀቱ 2 ሚሊ የሆነውን የብሎን ጥርስ አውጣለት። ማስኪዮውን (ጥርስ ማውጫውን) ከኋላ በቶርኖው ሹል መደገፊያ ደግፈው፤ በእጅ ብቻ ከያዝከው ያዘማል። ግራይንደሩ ላይ ተለጥፎ የሚቀመጠው ይህ የላጥከው ፊት ስለሆነ ከጥርሱ ጋር በአንድ እስር ማለቅ አለበት። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው።

ለሌላኛው ጎን ቁራጭ ብረት ቻክ ላይ እሰርና የኤም 14 ወንዴ (የውጭ) ጥርስ አውጣበት፤ ሥሩ ላይ ያለውንም ትከሻ ላጠው። ሳትፈታው መያዣህን እዚያው ላይ አጥብቀህ ላጠው። ስትልጠው ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

አደራ፣ ትንሹ የ115 ሚሊ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይዞራል። ጎማው ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ጣሪያ ሳታይ እንዳታስነሳው። መነጽርም አድርግ።