«ተመስገን» ማለቴ ውሸት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ ይፍቱኝ አባቴ። የምኖረው በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ከወጣ ስምንት ወር ሆነው፤ የቤቱን የባንክ ዕዳ ሳንከፍልም ሦስት ወር አልፎናል። ጎረቤት «እንዴት ናችሁ?» ሲለኝ «ተመስገን፣ ደኅና ነን» እላለሁ፤ በሬን ዘግቼ ግን አለቅሳለሁ። ይህ ግብዝነት አይደለም? በሚቀጥለው ወር በ21 ደግሞ የማርያም ጽዋ ተራዬ ነው፤ ከምን እንደማዘጋጅ አላውቅም።
ወለተ ማርያም

መልስ፦ እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። «ተመስገን» በሰው ፊት ብትዪውም የምትነግሪው ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ስለ ጓዳሽ ለጎረቤት የምትሰጪው መግለጫ አይደለም፤ ስለዚህ እያለቀሱ ማመስገን ውሸት አይሆንም። እውነት የጎደለው ከእርሱ ቀጥሎ በመጣው «ደኅና ነን» ላይ ነው።

በቅዳሴያችን የሚጸለየው፣ የቅዱስ ባስልዮስ የሚባለው የምስጋና ጸሎት «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው) ብሎ ይጀምርና ምክንያቱን ሲዘረዝር ሰውሮናል፣ ረድቶናል፣ ጠብቆናል ካለ በኋላ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል፤ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ማለት ነው። ስለ ነገ ግን እንደ ተፈጸመ ነገር አይናገርም፤ ወደ ልመና ተመልሶ ይህችን ቀንና የሕይወታችንን ዘመን ሁሉ በሰላም እንዲጠብቀን ይጠይቃል። ተስፋ የምንለውም ይህንኑ ልመና ነው እንጂ ባለቤትሽ በዚህ ወር ሥራ ያገኛል ብሎ ራስን ማሳመን አይደለም። (ቀን ቆርጠው ተስፋ የሚሰጡ ሰባክያን አልታጡም፤ ቀኑ ሲያልፍ ግን እንባ ለማበስ አይገኙም።)

ለቅሶሽን በተመለከተ፣ የተሰሎንቄን ሰዎች «በሁሉ አመስግኑ» ያላቸው ጳውሎስ፣ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክት መጀመሪያ ላይ፣ በእስያ የደረሰበት መከራ ከዐቅሙ በላይ ከብዶት በሕይወት መኖርን እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ እንደ ነበር ሳያፍር ጽፎላቸዋል። ለምን እንደ ነገራቸውም በምዕራፍ 1 ቁጥር 11 ላይ ራሱ ይመልሳል፦ በጸሎት እንዲረዱት፣ ከዚያም ስለ እርሱ ብዙዎች እንዲያመሰግኑ ነው። እንግዲህ ችግርሽን ከሁሉ ስትሰውሪ የምታስቀሪው እርዳታን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ምስጋና ነው፤ ያልሰሙትንና ያልጸለዩበትን ነገር እንዴት ያመሰግኑበታል?

ይህን ስል ለጠየቀሽ ሁሉ ደረጃ ላይ ቆመሽ ጓዳሽን ግለጪ ማለቴ አይደለም። በታክሲ ሰልፍ ላይ ላገኘሽ ሰው «ተመስገን» ይበቃዋል። ለንስሐ አባትሽና ለጽዋ ማኅበራችሁ መሪ፣ ለሙሴው፣ ግን እንዳለ ንገሪ፤ አስቀድመሽም ባለቤትሽን አማክሪው፣ ሥራ ያጣ ሰው ከኪሱ ይልቅ ስሙ ያሳስበዋልና።

ለጽዋው ብለሽ አትበደሪ። ማኅበርተኛው የሚሰበሰበው በእመቤታችን ስም ሊጸልይና የተቸገረውን ሊያስብ ነው፤ ዘንድሮ የተቸገርሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ዳቦና ንፍሮ ይበቃል፤ ጠላው ቢቀር ቅር የሚለው ካለ የሚመክረው ሙሴው ነው። የዳቦው ዱቄት እንኳ ከጎደለም ሳትሸማቀቂ ንገሪው፤ ተራ መለዋወጥ ለማኅበር አዲስ ነገር አይደለም።